ሠላሳ ሁለተኛው ፈረስ

የዛሬን አያድርገውና ጉልበቴም ምላሴም የሚፈራ ልጅ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ከብት መከተብ። ደብረ ብርሃን በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስመደብ በቢሮው ሴት ረዳት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ "አንቺን ዶሮ ይበቃሻል" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ደግሞ ሹፈት ሲባል አልችልም፣ ወዲያው ደሜ ይፈላል። እና በዚያ ዓመት መስቀል እንዳለፈ አለቃችን ሰብስቦን "አንኮበር በኩል ፈረስ እየሞተ ነው፤ ማን ይሄዳል?" ሲል የማን እጅ ቀድሞ እንደወጣ መናገር አያስፈልግም።

በሽታው ሌላ ስም የለውም፤ የፈረስ በሽታ ነው የሚባለው። ጠዋት ሲጋልብ የዋለ ፈረስ ድንገት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ከዓይኑ በላይ ያለችው ጎድጓዳ ታብጣለች፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በመጨረሻ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይወድቃል። አህያ ብዙም አይነካውም፣ በቅሎም አንዳንዴ ያመልጣል፣ ፈረስ ግን ከያዘው አለቀለት። መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ብቻ ነው፤ እሱም ሳይታመም ቀድሞ የተወጋ እንደሆነ። ከታመመው ወደ ጤነኛው የምታጋባው ጨለም ሲል ወጥታ እስኪነጋጋ የምትናከስ ደቃቃ ትንኝ ናት፤ ቆላና ውሃ ዳር ደግሞ ቤቷ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲወጣ ፈረስ ወደ ደጋ ይወጣል እንጂ ወደ ቆላ አይወርድም። ይህችን ትምህርት ቤት ሳለሁ በቃሌ አነብንባት ነበር።

ለጉዞው የተሰጠኝ አራት ብልቃጥ ክትባት፣ አንድ የበረዶ ሳጥንና አንድ አዲስ መዝገብ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለሃያ ፈረስ ይበቃል። ክትባቱ ዱቄት ነው፤ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ይደፋል። በረዶው ቢበዛ ሦስት ቀን ይቆያል። የተከተበው ፈረስ ሁሉ ከነባለቤቱ ስም መዝገቡ ላይ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ "ክትባቱን የት አደረስሽው?" ሲባል መልስ የለም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም! እስከ ጎረቤላ በጭነት መኪና ስሄድ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ከሾፌሩ ጋር ስዘፍን ነው የደረስኩት።

ከጎረቤላ በበቅሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለው መንደር ሄድኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ጎልማሳ፣ ተቀበለኝ። ሳጥኑን ከፍቼ መዝገቡን ላወጣ ስል፣ ወይ ጉድ! መንገድ ላይ ዝናብ እንዳይነካው ብዬ እዚያው በረዶው ውስጥ ከትቼው ኖሮ፣ በሟሟው ውሃ ርሶ ገንፎ ሆኗል። ከዝናብ ያዳንኩት መዝገብ! ሊቀመንበሩ ሳቀብኝና "ጓዲት፣ ለወረቀት ብለሽ አትዘኚ" ብሎ ከራሱ ሣጥን የተሰመረበትና ግርጌው ላይ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት አንድ እስር ወረቀት ሰጠኝ። እንዴት እንዳመሰገንኩት! ወረቀቱ ከየት እንደተረፈ አልጠየቅሁም።

ያደርኩት አንድ አዛውንት ቤት ነው። በአገሩ በፈረስ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንም በክርስትና ስማቸው አይጠራቸውም፣ ትልቁም ትንሹም በፈረስ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የእሳቸውና የፈረሳቸው ነው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው፣ ጋጣው ከመደቡ ፊት ለፊት፣ እዚያው ጣሪያ ሥር። ስገባ አንገቱን አውጥቶ አሸተተኝ። "ሰው ይመርጣል" አሉኝ ሽማግሌው፣ "አንቺን ወዷል።" እኔ እንዲህ ሲባልልኝ ጅል ነኝ፤ ገና በር ላይ ሳለሁ ቤተሰብ ሆንኩ።

እራት እስኪቀርብ ኩራዙ አጠገብ ተቀምጬ ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ ደርድሬ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ያንን መስመርና ያንን ሐምራዊ ማኅተም ግን ያውቁታል።

"ይሄ ወረቀት ምንድን ነው ልጄ?"

"መዝገብ ነው አባባ! ነገ የአገሩ ፈረስ ሁሉ ከነባለቤቱ ይገባበታል፤ አንድም አይቀርም!"

"አንድም አይቀርም" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው "ጎረቤት ጠይቄ ልምጣ" ብለው ወጡ። እኔ እራቴን በልቼ፣ በደስታ፣ ድብን ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ ጋጣው ባዶ ነው።

"አባባ፣ ፈረሱስ?"

"የምን ፈረስ?"

"እንዴ! ማታ እዚህ የነበረው ዳማው!"

"ማታ በጣም ደክሞሽ ነበር ልጄ።"

ኮርቻው ከነግላሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፋንድያው ገና ይተናል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳያሹ ፊቴን እያዩ ነው የሚዋሹኝ። ልስቅም ልናደድም አልቻልኩም። ምናልባት ቀድመው ክትባቱ ወደሚሰጥበት ሜዳ ልከውት ሊያስደንቁኝ ይሆናል ብዬ መርፌዎቼን ቀቅዬ፣ ሳጥኔን ይዤ ወደ ሜዳው ከነፍኩ።

ሜዳው ላይ ሊቀመንበሩ ብቻውን ቆሟል። ጠበቅን። ከገደሉ በኩል ኮቴ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ብዙ ኮቴ! "መጡ!" አልኩና ሳላይ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከፍቼ በጠበጥኩት። ኮቴው ሲቃረብ የበርበሬና የጨው ጭነት የተሸከሙ አህዮች ናቸው፤ ከኋላቸው ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ፣ ሌሊት የተነሳው ወጣት ነጋዴ። እግዚኦ፣ ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብልቃጡን ይዤ ቆምኩ። አንድ ፈረስ አልመጣም። ክትባቱን ሣር ላይ ደፋሁት።

ነጋዴው አህዮቹን አሳርፎ ውሃ ሲጠጣ ያየኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ፈረስ ፍለጋ ወደ መንደሩ ሲመለስ ጠብቆ ጠጋ አለኝ።

"ፈረስ ነው የምትፈልጊው? ፈረሱማ ሁሉ እኛ ዘንድ ነው።"

"እናንተ ዘንድ? የት?"

"ታች፣ ወንዙ ዳር። ጎህ ሲቀድ የዚህ አገር ልጆች ይዘዋቸው አገኘኋቸው። ወላሂ፣ በዚህ ወር ፈረስ ወደ ቆላ የሚያወርድ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው! በሽታው እኛጋ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት እንኳን ከመንደራችን አራት ፈረስ ጎትተን ጥለናል። ብነግራቸው 'ከበሽታው ወረቀቱ ይብሳል' አሉኝ።"

"የምን ወረቀት?"

"የበቅሎዎቹ ነዋ። ያን ጊዜ በዚያ ወረቀት በቅሎ ሁሉ ተመዘገበ፤ በሳምንቱ ስንቅ ይጫናል ተብሎ ወደ ግንባር ተነዳ። አንድም አልተመለሰም። አሁን ደግሞ ያው ወረቀት ለፈረስ መጣ ብለው ነው።"

ትንኟን ሸሽተው ሽቅብ መውጣት የነበረባቸው ፈረሶች፣ የእኔን ወረቀት ሸሽተው ቁልቁል ወርደዋል! እኔ ነኝ ያወረድኳቸው። እኔው ራሴ፣ ኩራዝ አብርቼ፣ ሽማግሌው ፊት፣ እየተፍለቀለቅሁ! ፀሐይዋን አየሁ፤ ገና ረፋድ ነው። ጨለማ ሳይሆን መውጣት አለባቸው። ያችን አንድ ንጋት ተነክሰው ይሆናል፤ ዛሬም እዚያው ካመሹ ግን ለቅሶ ነው።

ሳጥኔን ለነጋዴው አደራ ብዬ ሮጥኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ከአምስት ከስድስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመዋል፤ ሊቀመንበሩም ከፊታቸው ሆኖ ይቆጣል። እኔ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ስለ ትንኟ ነገርኳቸው፣ ስለ ወንዙ ዳር ነገርኳቸው፣ ለመንኳቸው።

"ፈረስ የለንም" አሉ ሽማግሌው።

"አባባ፣ ኧረ በእመቤቴ! ዛሬ ማታ ያልቃሉ ነው የምልዎት!"

ይሄኔ ሊቀመንበሩ "አሃ! ታች ናቸው ማለት ነው! እንግዲያው ሚሊሺያ ልኬ አስወጣቸውና አንድ በአንድ ይመዘገባሉ!" ብሎ ጮኸ። የሁሉም ፊት እንደ በር ሲዘጋ አየሁ። ሚሊሺያው ቢወርድ ልጆቹ ፈረሶቹን ይበልጥ ወደ ታች እንደሚነዷቸው ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የሆነው ከአእምሮዬ ሳይሆን ከእጄ ነው። እስሩን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁና ለሁለት ቀደድኩት። ደግሜ ለአራት። ከነሐምራዊ ማኅተሙ ጭቃው ላይ በትኜ በጫማዬ ረገጥኩት።

"የመንግሥት ሰነድ ነው የቀደድሽው!" ሊቀመንበሩ ዓይኑ ደም ለብሷል።

"አዎ ቀደድኩት! ምን ታመጣለህ?" አልኩ። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። "የማንንም ስም አልጽፍም። ምንም አልጽፍም። ፈረሱን ብቻ አምጡልኝና ልውጋ።"

ሽማግሌው መጀመሪያ ጭቃው ላይ ያለውን ወረቀት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

"መዝገብ ሳትይዢ ስትመለሺ አለቆችሽ ምን ይሉሻል?"

"ያባርሩኛል። ምናልባትም ያስሩኛል።"

"እያወቅሽ ነው የቀደድሽው?"

"እያወቅሁ ነው።"

ዱላቸውን አነሱና "ነይ ተከተይኝ" አሉ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ዙሪያ አድርገው ተጣሩ። ለካስ ማታ ከልጆቹ ጋር ተማምለዋል፤ ሽማግሌው ራሳቸው በፈረስ ስማቸው እየፎከሩ ካልጠሯቸው በቀር ንጉሥ ቢመጣ እንዳይወጡ። ያ የደከመ የመሰለኝ ሽማግሌ ያንን ስም ሲያወጣ ገደሉ ሁሉ ተቀበለው! አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከታች፣ ከጉሙ ሥር፣ ቀጭን ድምፅ መለሰ። እልል ብዬ ዘለልኩ፤ እሳቸውን አቅፌ ልጥላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው የሕይወቴ ምርጥ ቀን ነው፤ ልቤን ስጠይቀው ዛሬም ይህንኑ ነው የሚለኝ። መርፌዎቹን እዚያው አፋፉ ላይ ሦስት ድንጋይ ጎልቼ ቀቀልኩ። ነጋዴው ገበያውን ትቶ ውሃ ያመላልስልኛል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ፈረስ ራስ ከገደሉ ጫፍ ብቅ አለ፤ ላቡ ነጭ ሆኖ፣ አፍንጫው ተከፍቶ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ነጭ፣ ዳለቻ፣ ጥቁር፣ ሲያናፉ፣ ሲራገጡ፣ ሲነካከሱ! "ያዘው! ልጓሙን! ጆሮውን ያዘው!" ሁሉም ይጮኻል፣ እኔ ከሁሉም በላይ እጮኻለሁ። የተወጋው ካልተወጋው እንዳይቀላቀልብኝ የእያንዳንዱን ፈረስ ግራ አንገት ላይ የመዳፌን ያህል ጸጉሩን በመቀስ እየላጨሁ ነው የምወጋው። አንዱ ፈረስ የባቄላ ገለባ ላይ ወርውሮ ጣለኝ፤ ተነስቼ እሱኑ ወጋሁት። ሴት ልጅ ፈረስ ስትወጋ ለማየት የመጡ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ሊቀመንበሩ እንኳን ከሩቅ ቆሞ ይመለከት ነበር።

ሽማግሌው ዳማቸውን ከዳር አስረው "የሰው ይቅደም" ብለው እስከ መጨረሻው አቆዩት። አራተኛው ብልቃጥ ሳያስፈልግ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል፣ ሠላሳ ሁለተኛው ሆኖ ቀረበ። አንገቱን ላጨሁለት።

"ትናንት ማታ እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉ የፈረሱን ግንባር እያሻሹ። "ዛሬ ንጋት ላይ ትንኟ ነክሳው ከሆነስ?"

መዋሸት እችል ነበር። "ከነከሰችው ክትባቱ አይደርስለትም አባባ። ኃይሉ የሚሠራው ሳምንታት ቆይቶ ነው።"

"እግዜር ያውቃል" አሉ። "ውጊው።"

ደብረ ብርሃን ስመለስ የሊቀመንበሩ ደብዳቤ ቀድሞኝ ደርሷል። ሰነድ ቀዳለች፣ የምዝገባ ሥራ አሰናክላለች ይላል። አለቃችን ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ብልቃጥ አስቀምጦ ጠየቀኝ።

"አንዱን ደፋሁት ብለሻል። ሁለቱን ለማን ወጋሽ?"

"ለሠላሳ ሁለት ፈረስ።"

"የማን ፈረስ?"

ስም አልሰጠሁትም። የአንዱን ስም ብናገር የሁሉም ይወጣል። ቃል ገብቻለሁ። "ፀረ-አብዮት" የሚለው ቃል በደብዳቤው ውስጥ ባይኖርም በክፍሉ ውስጥ ነበር። ጉዳዩ እስኪጣራ ታገድኩ፤ ሥራዬ ብቻ ሳይሆን ነፃነቴም በዚያ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። ለአንድ ወር ያህል የበር ኳኳታ በሰማሁ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ እየመሰለኝ ስደነግጥ ከረምኩ።

አንድ የገበያ ቀን ስለ ጉዳዬ ቢሮ ተጠርቼ አለቃዬ ፊት እንደቆምኩ መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮቴ ነው። "አህያ ይሆናል" አልኩ በልቤ፤ አንዴ ተሞኝቻለሁና። አልነበረም! በግቢው በር ፈረስ ገባ፣ ፈረስ ተከተለ፣ ግላስ ለብሰው፣ ግቢው ሞልቶ እስኪተርፍ። እነዚያ ከወረቀት የሸሹ ሰዎች፣ ፈረሶቻቸውን ለመንግሥት ዓይን ራሳቸው ይዘው መጡ! የመጀመሪያው ከፈረሱ ወርዶ "ልጅቷን መዝገብ የለሽም ብላችኋታል አሉን። መዝገቧ ይኸው። ቁጠሩ" አለ። እኔ በመስኮቱ ተንጠልጥዬ እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር።

አለቃዬ ወጣ። ጸጉሩ ገና ያልሞላውን የእያንዳንዱን ፈረስ ግራ አንገት በእጁ እየዳሰሰ ቆጠረ። ወንዶቹ ረዳቶች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

"ሠላሳ አንድ" አለ ሲጨርስ። "ሠላሳ ሁለት ነበር ያልሽው።"

ያኔ ነው ዳማው እንደሌለ ያስተዋልኩት። ከፈረሶቹ ኋላ ሽማግሌው በእግራቸው ቆመዋል፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነው። ወደ ፊት መጡና ከጋቢያቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አለቃዬ እጅ ላይ ፈቱት። በጨው የደረቀ የአንገት ቆዳ ነው፤ ዳማ፣ መሐሉ ላይ የመዳፌን ያህል የተላጨ።

"በዘጠነኛው ቀን ሞተ" አሉ። "ቁጥሯ እንዳይጎድልባት ብዬ ነው።"

በእኛ አገር የሞተ ፈረስ ቢላ አይነካውም፤ ነውር ነው፣ የፈረስ ባለቤት የሆነ ሰውማ አያስበውም። እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው፣ ያንን አንገት። አለቃዬም የአገሩ ልጅ ነውና ገባው። ቆዳውን መልሶ በጨርቁ ጠቀለለና ገብቶ ወረቀቱ ላይ "32" ብሎ ጽፎ ፈረመበት።

በር ድረስ ስሸኛቸው "አባባ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ያንን ወረቀት ባላወጣ ኖሮ" ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አንቺ ወረቀቱን አወጣሽ፣ እኔ ፈረሱን አወረድኩ" አሉኝ። "ሁለታችንም እንዲተርፍ ብለን ነው። በይ ግቢ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

ሰዎቹ "በእኔ ፈረስ ይቀመጡ፣ በእኔ ይቀመጡ" ብለው ለመኗቸው፤ እንቢ አሉ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የአንኮበርን መንገድ በእግራቸው ጀመሩ። በሩ ላይ ቆሜ እስኪርቁ አየኋቸው፤ ከኋላቸው ሠላሳ አንዱም ሰው ፈረሱን በልጓም እየሳበ በእግሩ ይሄዳል፤ አንድም የተቀመጠ አልነበረም።